ፖስተሩ ላይ ሴት አለች፣ ኮሚቴው ውስጥስ?

ጅማ ላይ ፕሮግራም ሲዘጋጅ የሴቶች ነገር የሚነሳው ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው። ባነሩ ሊታተም ሲል አንዱ ብድግ ይልና «ቆይ ግን ሴት የለችም እኮ» ይላል፣ ስልክ ይደወላል፣ አንዷ ትገኛለች፣ የመክፈቻ ንግግር ወይ የምስጋና ቃል ይሰጣታል፣ ፎቶዋ ጥግ ላይ ይገባል፣ አለቀ፣ ጀንደር ተሟላ። የሚገርመው ይሄን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ አብዛኞቹ ከልባቸው ጥሩ የሰሩ ይመስላቸዋል። ግን ባነሩ ማተሚያ ቤት ሲደርስ እኮ ዋናው ነገር ሁሉ አልቋል፣ ሰአቱ ተቆርጧል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ብሩ ተደልድሏል፣ ማን ይናገራል ማን ያበስላል የሚለው ተወስኗል። ከዛ በኋላ የምትመጣ ሴት የምትለብሰው በሌላ ሰው ልክ ተቆርጦ የተሰፋ ልብስ ነው። እኔ እዚሁ ከተማ ወርክሾፕ፣ ምርቃት፣ ሰርግ፣ ባዛር በማስተባበር ስራ ላይ ስለሆንኩ ያየሁትንም ህጉ የሚለውንም ቀላቅዬ ላስረዳ።

ስርዓተ ፆታ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፣ የኤንጂኦ ወሬ ይመስለዋል፣ ስልጠናና አበል ምናምን ትዝ ይለዋል። ከፕሮግራም ዝግጅት ጋር ሲያያዝ ግን ነገሩ በጣም መሬት የወረደ ነው። ማን ወሰነ፣ ማን ሰራ፣ የሰራው ስንት አገኘ፣ ማን መምጣት ቻለ፣ የመጣው ሰው ተሰማ ወይ፣ ይሄው ነው በቃ። ህጉ ድሮ አለ፣ የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች በቅጥር፣ በእድገት፣ በክፍያ እኩል መብት አላቸው ይላል፣ አንቀጽ 42 ደግሞ ለተመሳሳይ ስራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብታቸውን ለብቻው አንስቶ አስቀምጦታል። የጎደለው እዛ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ ይሄን ወደ ሰአት፣ ወደ ወንበርና ወደ ብር የሚመነዝር ሰው ነው።

ከኮሚቴው ልጀምር። ኮሚቴ ሲቋቋም ልብ ብላችሁ እዩ፣ ሰብሳቢ እሱ፣ ፋይናንስ እሱ፣ መኪና ስላለው ሎጂስቲክስ እሱ፣ ሳውንድና ስቴጅ እሱ፣ ፀሐፊ እሷ፣ መስተንግዶ እሷና ጓደኛዋ። ማንም አስቦበት አይደለም፣ «የሷ ፅሁፍ ያምራል» ተብሎ በጥቆማ ነው የሚሆነው። ግን ፀሐፊ የሆነ ሰው አቀርቅሮ የሌላውን ሀሳብ ሲከትብ ነው የሚውለው፣ የራሱን ሊናገር ቀና ሲል አጀንዳው አልፏል። መስተንግዶ ላይ ያለችውም ብር ለመጠየቅ ፋይናንሱ ጋ መመላለስ አለባት፣ ስለዚህ እሷ ኃላፊ በተባለችበት በምግቡ ጉዳይ እንኳን የመጨረሻው ቃል የሷ አይደለም። ቃለ ጉባኤውን በየስብሰባው ተራ በተራ መያዝ ምንም አይጠይቅም። ከፋይናንስ፣ ከተናጋሪ መረጣና ከግዢ ውስጥ ቢያንስ አንዱን ሴት ትያዘው፣ ምክንያቱም ፕሮግራም ላይ ስልጣን ማለት እነዚህ ሶስቱ ናቸው፣ ሌላው ሩጫ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ፣ የአሜሪካ የማይክሮባዮሎጂ ማህበር ጉባኤዎች ላይ የተሰራ። መድረኩን ካዘጋጁት ሰዎች መሀል ቢያንስ አንዲት ሴት ስትኖር የሴት ተናጋሪዎች ድርሻ ወንዶች ብቻ ካዘጋጁት ጋር ሲወዳደር በ72 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። አንዲት ሴት እኮ ናት። ለኔ ብዙም አይገርመኝም፣ ሰው ተናጋሪ ጠቁም ሲባል የሚጠቁመው ስልኩ ውስጥ ያለውን ሰው ነው፣ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ስልኮች ደግሞ ውስጣቸው ያለው ያው በየፕሮግራሙ የምናየው አምስት ስድስት ሰውዬ ነው።

ከኮሚቴው ቀጥሎ ደብዳቤው። ወርክሾፕ ሲጠራ ደብዳቤ ለመስሪያ ቤቱ ሃላፊ ይሄዳል፣ «አንድ ባለሙያ እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ሃላፊው አበል ካለው ራሱ ይሄዳል፣ አበሉ ካነሰበት ደግሞ ለሚቀርበው ሰው ይሰጠዋል፣ ስራውን በየቀኑ የምትሰራው ባለሙያ ስብሰባ እንደነበረ የምትሰማው ሰዎቹ ቦርሳና ደብተር አንጠልጥለው ሲመለሱ ነው። ከዛ አዘጋጁ «ሴቶች አይመጡም» ይላል። ደብዳቤው ላይ «ሁለት ተሳታፊ፣ አንዷ ሴት፣ ጉዳዩን በቀጥታ የምትሰራ» ብሎ መፃፍ ወይም ባለሙያዋን በስሟ መጥራት ብቻ ብዙ ነገር ይቀይራል። ሞክሩት፣ ለደብዳቤ የምትከፍሉት ተጨማሪ ብር የለም።

ሰአት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እንደ ሰአት ሴት የሚያስቀር ነገር የለም። ጅማ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰአት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች። አሁን አንድ ፕሮግራም 9 ሰአት ተብሎ ተጠራ እንበል፣ 10 ሰአት ይጀመራል፣ የክብር እንግዳው ሲመጡ 10 ተኩል፣ ንግግሩ ሁሉ አልቆ ሻይ ቡና ሲባል 12 ሰአት ሞልቷል፣ ዝናብ ካለ ደግሞ (በበልግም በክረምትም ከሰአት በኋላ መዝነብ ይወዳል የኛ ሰማይ) ጭራሽ ቀኑ ቶሎ ይመሻል። ከፈረንጅ አራዳ ወደ ጅሬን ወይ ወደ ቆጪ የምትሄድ ልጅ ከመሸ ባጃጅ በኮንትራት ካልሆነ አታገኝም፣ ኮንትራት ደግሞ በጨለማ ለብቻዋ ከማታውቀው ሾፌር ጋር ነው። ስለዚህ ምን ታደርጋለች፣ ከፕሮግራሙ መሀል ተነስታ ትወጣለች፣ ወይም ከነጭራሹ አትመጣም። ዋናው ውይይትና ስልክ መለዋወጡ ደግሞ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ስራ የሚገኘው፣ ሰው የሚተዋወቀው፣ «ነገ ቢሮ ብቅ በይ» የሚባለው ከሻይ ቡናው በኋላ ቆሞ ሲወራ ነው፣ እሷ ግን ያን ጊዜ ታክሲ ፍለጋ ላይ ናት።

ጅማ ላይ የሶላት ሰአትም መታሰብ አለበት፣ ዝሁር ከምሳ ጋር ገጥሞ ያልፋል ግን አስርና መግሪብ የሚባሉት ሶላቶች ከሰአት በኋላ የሚደረግን ፕሮግራም መሀሉን ይቆርጡታል፣ ወንዱ ቅርብ ያለ መስጊድ ገብቶ ይመለሳል፣ ለሴቷስ ክፍል ተዘጋጅቷል ወይ? ረመዳን ላይ ደግሞ ከ9 ሰአት በኋላ ስብሰባ መጥራት ማለት ማፍጠሪያ የምታዘጋጀውን ሰው አትምጪ ማለት ነው፣ ወንዱ ግን ስብሰባው አልቆ የተዘጋጀ ነገር ላይ ይደርሳል። ሐሙስ ገበያ ነው፣ የምትነግድ ሴት ፈልጋችሁ ሐሙስ ከጠራችሁ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ለኔ የሚሻለው ጠዋት 2 ሰአት ተኩል ጀምሮ ምሳ ላይ የሚያልቅ ነው፣ የግድ ማምሸት ካለበት ሰርቪስ በጀቱ ውስጥ ይግባ፣ ሰርቪሱ የት የት እንደሚያደርስም ጥሪው ላይ ይፃፍ፣ ምክንያቱም ቤተሰብ የሚፈቅደውም ራሷም የምትወስነው ያንን አይታ ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ወይም ግብርና ካምፓስ ያሉ ተማሪዎችን ስትጠሩ ደግሞ ወደ ግቢያቸው በሰአቱ እንዴት እንደሚመለሱ ቀድማችሁ አስቡ።

አዳራሹ ራሱ ማን እንዲናገር እንደተሰራ ይናገራል። ላፔል ማይክ የምትሉትን፣ ደረት ላይ የሚቆነጠጠውን ትንሽ ማይክ እዩ፣ ከኋላው ያለችው ሳጥን የተሰራችው ለቀበቶና ለሱሪ ኪስ ነው። ቀሚስ የለበሰች ተናጋሪ ስትመጣ ሳውንድ ማኑ ሳጥኗን የት እንደሚያደርጋት ጠፍቶት ሰው ፊት ወገቧ ላይ ሲዳብስ አይቻለሁ፣ እሷ ደንግጣ፣ እሱም አፍሮ፣ አዳራሹ እየሳቀ። ሂጃብ ከለበሰች ደግሞ ማይኩ ከጨርቁ ስር ከገባ ሞንታርቦው ላይ ድምጿ ሳይሆን የጨርቁ መፋተግ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ ከላይ ከውጪ በኩል መቆንጠጥ ነው ያለበት፣ ወይም የእጅ ማይክ መስጠት፣ ይሄን ቀድሞ ለመጠየቅ አንድ የስልክ ጥሪ በቂ ነው። ፖዲየሙ ረጅም ከሆነ አጭር ሰው ከኋላው ግንባሩ ብቻ ይታያል፣ ከስር የሚቆምበት ሳንቃ አዘጋጁ። ፓናል ላይ እነዛን ዝቅ ያሉ ሶፋዎች መደርደር ፋሽን ሆኗል፣ ጉልበት የሚሸፍን ቀሚስ የለበሰችም ብትሆን ከፍ ባለ ስቴጅ ላይ ሶፋ ውስጥ ሰምጣ ህዝብ ፊት ስትቀመጥ ሙሉ ሀሳቧ ልብሷን በማስተካከል ላይ ነው የሚሆነው፣ ስለ ጉዳዩ ምን ልትናገር ነው? ተራ ወንበርና ከፊቱ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አለቀ።

ሽንት ቤትን ማንም አያነሳም ግን እኔ አነሳለሁ። ለወንድ ሁለት በር፣ ለሴት ሁለት በር ሲሆን እኩል ይመስላል፣ ግን ወንዶቹ ጋ ከበሮቹ ሌላ ግድግዳው ላይ ቆመው የሚሸኑበት አለ፣ ሴቶቹ ጋ የለም፣ ሴት ደግሞ በልብሱም በወር አበባውም በምኑም ተፈጥሮዋ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ውጤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በእረፍቱ 15 ደቂቃ ወንዶቹ ወጥተው ቡና ጠጥተው ሲያወሩ ሴቶቹ ሰልፍ ላይ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ክፍለ ግዛቶች በዚህ ምክንያት ለህዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች የሴቶቹ ሽንት ቤት ቁጥር ከፍ እንዲል ህግ አውጥተዋል። እኛ ህግ እስኪወጣ መጠበቅ አይጠበቅብንም፣ ከወንዶቹ አንዱን ክፍል ለዛን ቀን የሴት ምልክት ለጥፎበት መዋል ይቻላል፣ ውሃ፣ ሶፍት፣ የሚዘጋ በር፣ ሞዴስ የሚጣልበት ክዳን ያለው ቅርጫት ደግሞ የግድ ነው። ድንኳን ጥላችሁ ውጪ የምታዘጋጁ ከሆነ ይሄ ከዲኮሩ በፊት ይምጣ።

ልጅ ስላላት ሴትም እንዲሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው፣ እንግዲህ ህፃኑ በማን እጅ እንደሚያድግ ከዚህ ይገባችኋል። ጥሪው ላይ «ህፃን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ የሞግዚት ምግብና አልጋ ይሸፈናል» የሚል መስመር ሲኖር የሚመጡት ሰዎች ይለያሉ። ፍራሽና ንፁህ ምንጣፍ ያለበት አንዲት ክፍል፣ ከሞንታርቦው ራቅ ያለች፣ ከዚህ በላይ አይጠይቅም።

ጥያቄና መልሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጥናት ልጥቀስ፣ እ.ኤ.አ. የ2018 ነው፣ ተመራማሪዎቹ በ10 ሀገር ባሉ 35 ተቋማት ወደ 250 የሚጠጉ ሴሚናሮች ላይ ማን ጠየቀ እያሉ ቆጠሩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው የወንድና የሴት ቁጥር ታስቦ እንኳን፣ ወንዱ ጥያቄ የመጠየቅ ዕድሉ ከሴቷ ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ነበር። ከዚህ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ከጠየቀ ከዛ በኋላ የሚጠይቁት ሴቶች ያንሳሉ፣ ጊዜው ሰፋ ካለ ደግሞ የሴቶቹ ድርሻ ያድጋል የሚለው ነው። እንግዲህ መድረክ መሪው ማይኩን መጀመሪያ ለሴት መስጠቱ ብቻ ቀላል ነገር አይደለም ማለት ነው። እኛ ጋ ያለው ልማድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ለትልቅ ሰው ይሰጣል፣ ትልቁ ሰው ጥያቄ ሳይሆን ሌላ ንግግር ያደርጋል፣ 10 ደቂቃ፣ ከዛ «ሰአት ስለሄደ ሁለት እድል ብቻ» ይባላል። እስቲ ከመክፈታችሁ በፊት «ለሁለት ደቂቃ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተነጋገሩ» በሉ፣ ወይም ጥያቄ በወረቀት ሰብስቡ፣ ወይም በቴሌግራም።

እዚህ ላይ የኛ ከተማ የራሷ ነገር አላት፣ ብዙ ፕሮግራም ላይ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። እሱ በራሱ ችግር የለበትም፣ ብዙ ሴቶች ራሳቸው የሚመርጡት ነው፣ ችግሩ ሴቶቹን ከኋላ ሲያደርጓቸው ነው። ግራና ቀኝ አድርጓቸው፣ ለሁለቱም ወገን የየራሱ ማይክ ይኑር፣ ማይክ አዟሪውም በሴቶቹ በኩል ሴት ብትሆን ይሻላል። ቋንቋም አለ፣ ከወረዳ የመጣች ቡና አምራች በአፋን ኦሮሞ እንደ ውሃ የምትፈሰው አማርኛ ላይ ስትሆን ዝም ትላለች፣ ዝምታዋን ደግሞ አዘጋጁ ሀሳብ እንደሌላት ይቆጥረዋል። በፈለገችው ቋንቋ ተናግራ የሚተረጉም ሰው መመደብ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፣ እኔ የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ጅማ ላይ ቡና የሌለበት ፕሮግራም የለም፣ የቡና ሀገር ነን እያልን። አዳራሹ በር ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦት ተዘርግቶ፣ እጣን እየጨሰ አንዲት ሴት ቁጭ ብላለች። ጠዋት 12 ሰአት ደርሳ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ ቡናውን ቆልታ ወቅጣ 2 ሰአት ላይ የመጀመሪያው ጀበና ዝግጁ ነው፣ ለመቶ ምናምን ሰው በሶስት ጀበና እየተፈራረቀች ስትቀዳ ትውላለች፣ ስኒ የምታጥብላት አንዲት ታናሽ እህቷ ብትሆን ነው፣ ሁሉም ሰው አጠገቧ ፎቶ ይነሳል። ከሰሉን፣ ስኳሩን፣ ፈንዲሻውን፣ ቄጠማውን የገዛችው በራሷ ብር ነው። ዲጄውና ሳውንዱ ቀብድ ሳይቀበሉ ገመድ አያወጡም፣ እሷ ግን «ከፕሮግራሙ በኋላ እንተሳሰባለን» ትባላለች፣ ከፕሮግራሙ በኋላ ደግሞ ፋይናንሱ ስልክ አያነሳም ወይ ፊልድ ወጥቷል። ያው ስራ ነው፣ አንዱ ቀብድ አለው፣ አንዱ የለውም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ ግዢው ላይ ነው መልሱ። ፋይናንስ ሶስት ፕሮፎርማ ይፈልጋል፣ ደረሰኝና ቲን ነምበር ይፈልጋል። ፕሮፎርማ ሰብሳቢው የሚያውቃቸው ሶስት ቦታ ሄዶ ይሰበስባል፣ ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፣ ያሸነፈው «ሪፍሬሽመንት» ብሎ ጠቅላላውን ይወስዳል፣ ከዛ እንጀራ ጋጋሪዋንም ወጥ ሰሪዋንም ቡና አፍዪዋንም በቀን ሂሳብ ይቀጥራል። ወረቀቱ ላይ አንድ ድርጅት ነው የሚታየው፣ ስራውን የሰሩት ሴቶች ስማቸው የለም። ማንንም ሌባ እያልኩ አይደለም፣ አሰራሩ ነው እንዲህ የሚያደርገው። የሚቻለው ምንድነው፣ ግዢውን በትንንሹ ከፋፍሎ እንጀራውን ለብቻ፣ ቡናውን ለብቻ ማውጣት፣ ከሶስቱ ፕሮፎርማ አንዱ በሴት ከሚመራ ድርጅት ወይም በጥቃቅንና አነስተኛ ከተደራጀ የሴቶች ማህበር እንዲሆን ማድረግ፣ እነሱ ደረሰኝ አላቸው። ትልቁን ኬተሪንግ የግድ ካላችሁ ደግሞ ውሉ ላይ «ለረዳት ሰራተኞች በእለቱ ይከፈላል» የሚል አንቀጽ ጨምሩ። ቀብድ ለሳውንድ ከተሰጠ ለቡናም ይሰጥ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር እቺን ያዙልኝ።

የፕሮቶኮል ልጆች የምንላቸው አስተናጋጆችም አሉ። ማስታወቂያው «ቁመት ከዚህ በላይ፣ መልከ መልካም፣ ሴት» ይላል፣ ስራው ግን እንግዳ መቀበል፣ ወንበር ማሳየት፣ ባጅ መስጠት ነው፣ ለዚህ ቁመት ምን ይሰራል? ወንድ ልጅም ሊሰራው ይችላል፣ ቀላቅላችሁ ቅጠሩ፣ ታኮ ጫማ ላይ ቀኑን ሙሉ አታቁሟቸው። ትንኮሳ የሚባለው ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ነው የሚበዛው፣ እንግዳ የተባለ ሰው ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ እምቢ ስትል ለአዘጋጁ ይነግራል፣ አዘጋጁ «እንግዳ አታስቀይሚ» ይላል። ያው 1156/2011 ስራ ቦታ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በግልፅ ከልክሏል፣ ፕሮግራም ደግሞ ለሚሰራበት ሰው የስራ ቦታ ነው። ከመጀመሩ በፊት ልጆቹን ሰብስቦ «ችግር ካጋጠማችሁ ለእከሊት ንገሩ፣ እንግዳውን የምናናግረው እኛ ነን» ማለት፣ እከሊት የተባለችውም ስልክ የምታነሳ መሆን አለባት። ለሊት ዲኮር የምታሰሩ ደግሞ እወቁ፣ በዚሁ አዋጅ ነፍሰ ጡር ሰራተኛን ከምሽቱ 4 ሰአት እስከ ንጋቱ 12 ሰአት ማሰራት፣ ትርፍ ሰአት ማሰራትም ክልክል ነው።

ሰርግን ብዙ አልነካካውም፣ ብነካካው አላልቅም። ግን ከወርክሾፕ ሁሉ በላይ ትልቁ ዝግጅት እሱ ነው፣ የእድር ሴቶች ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ሲከትፉ አድረው የሰርጉ እለት ጓዳ ሆነው ሙሽራዋን ሳያዩ ይሸኛሉ፣ ድንኳን የተከሉት ወንዶች ስራቸው ማታ አልቆ ጠዋት ሱፍ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ወግ ነው፣ መረዳዳት ነው፣ ማንም ይፍረስ አላለም። ቢያንስ መክተፉንና ማጠቡን ለወጣት ወንዶችም አካፍሉ፣ የበሰለው ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሴቶቹ የተያዘ ጠረጴዛ ይኑር፣ ቪዲዮ ማኑም ጓዳ ይግባ።

«ብቁ ሴት የለችም» ለሚሉ። ከተማው ውስጥ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሜዲካል ሴንተሩ አለ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አለ፣ ባንኩ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቡና ላኪው፣ በየቦታው ስራውን በጣቷ ቆጥራ የምታውቅ ሴት አለች። «ጠርተናት እምቢ አለች» የሚለው ግን እውነት አለው፣ ለምን እምቢ አለች ብለን አንጠይቅም እንጂ። በዋዜማው ማታ ተደውሎላት ነው፣ ርዕሱ አልተነገራትም፣ ሁሌ የምትጠራው «የሴቶች ሚና» የሚል ርዕስ ላይ ነው፣ የአፈር ሳይንስ ባለሙያ ሆና እኮ! ስለ አፈር ጥሯት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ «የትኛው ሰአት ይመችሻል» ብላችሁ። እሷ ካልተመቻት ሌላ ሁለት ሴት ጠቁሚን በሏት፣ ዝርዝራችሁ በዛው ያድጋል። ወንድ ተናጋሪዎችም ድርሻ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ዳይሬክተር የነበሩት ፍራንሲስ ኮሊንስ ሁሉን ያላካተተ መድረክ ላይ አልናገርም ብለው በይፋ አሳውቀው ነበር። እዚህ ጅማ ላይ እንደሳቸው ማወጅ ባያስፈልግም ሲጠሩ «ከኔ ሌላ እነማን አሉ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ኮሚቴው ሳይወድ በግዱ ያስብበታል።

ማርች 8 ሲመጣ ደግሞ በየመስሪያ ቤቱ ሴቶቹ አንድ አይነት ቀሚስ በራሳቸው ብር አሰፍተው፣ ራሳቸው አብስለው፣ ራሳቸው ቡና አፍልተው፣ ወንድ ሃላፊ መጥቶ ስለ ሴቶች እኩልነት ንግግር ያደርግላቸዋል፣ ከዛ እቃውን ያጥባሉ። የካቲት 29ን እንዲህ የምታከብሩ ካላችሁ ለዛን ቀን ምግብ ከውጪ ይምጣ፣ ንግግሩን የሰራተኛዋ ተወካይ ታድርግ፣ ሃላፊው ደግሞ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ሲጨርሱ ስንት የእድገት ቦታ ክፍት እንዳለ ይመልስ።

የመጨረሻው ነገር ሪፖርቱ ነው። አቴንዳንስ ላይ የፆታ ኮለም አለ፣ ሴ ሴ ሴ እየተባለ ይቆጠራል፣ የሴት ቁጥር ካነሰ ደግሞ የፕሮቶኮል ልጆቹም ቡና አፍዪዋም እንዲፈርሙ ይደረጋል፣ አይቻለሁ እኮ፣ አበሉን ግን አይሰጧቸውም። ይሄ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም። ከዛ ይልቅ ሶስት ነገር ያዙ፣ ከወጣው ብር ውስጥ ስንቱ ሴት አቅራቢ ጋ ደረሰ፣ እስከ መጨረሻው የቆዩት ሴቶች ስንት ናቸው፣ ሴቶች በጠቅላላ ስንት ደቂቃ ተናገሩ። ደቂቃውን ለመያዝ ስልክ ላይ ያለው ስቶፕዎች ይበቃል፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ሁለት ስልክ ይዞ አንዱን ወንድ ሲናገር አንዱን ሴት ስትናገር ይጫናል፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ንግግሩ ለብቻው ይያዝ፣ አለበለዚያ ሂሳቡን ያበላሸዋል።